ከመጉመጥመጥ በፊት

አማቴን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስፈራቸው ኖርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ለእሳቸው እፈራለሁ። ሁለቱ ፍርሃቶች አይመሳሰሉም። የመጀመሪያው ሩዙ ሲያርብኝ፣ እንግዳ ሳይታሰብ ሲመጣ፣ ባለቤቴ ጀባር ከወደብ ሥራው ተበሳጭቶ ሲገባና ጥፋቱ የእኔ ሲሆን የሚመጣ ነበር፤ መጥቶ ይሄዳል። ሁለተኛው ግን አይሄድም። ይህን ስጽፍ እንኳ ከግድግዳው ማዶ ሲያስሉ ሰምቼ ብዕሬን አስቀምጫለሁ። ሳሉ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ፣ ከኋላው ፉጨት አለ ወይስ የለም እያልኩ አዳምጣለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳሉ። ጥሩ ነው፣ ልቀጥል።

ስማቸው ትስዋሂን ነው። እዚህ በወንዝ ዳሯ ከተማችን በአቡል ኸሲብ ግን በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ትልቁም ትንሹም ሙላያ ይላቸዋል። በሙሐረም ወር፣ በለቅሶ ቤት፣ በሙት ዓመት፣ ሴቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ከፍ ባለው ወንበር ተቀምጠው የነቢዩ የልጅ ልጅ ከነቤተሰቡ ውኃ ተከልክሎ የተገደለበትን የከርበላን መከራ በዜማ እየተረኩ የሚያስለቅሱት እሳቸው ናቸው። እኔ ዓማ እላቸዋለሁ። የአባቴ እህት እንደማለት ነው፤ በእኛ ዘንድ ምራት አማቷን የምትጠራው እንዲህ ነው።

ድምፅ ያላት ሙላያ በየሰፈሩ አለች። ሙላያ ፈኽሪያ ለምሳሌ ድምፅ ማጉያ ሳትይዝ ከወንዙ ማዶ ትሰማለች። የዓማ ሙያ ግን ከድምፃቸው ይልቅ ዝምታቸው ነበር። ዜማውን ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይወስዱትና፣ ልጁ ውኃ የተከለከለበት ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ ከጫፉ ላይ በድንገት ያቆሙታል። ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይከድናሉ። ያ ዝምታ ሲረዝም ሴቶቹ መቋቋም ያቅታቸዋል፤ ከዚያም ከዚህም ሲቃ ይነሳል፣ ደረት መምታት ይጀመራል፣ ቤቱ በለቅሶ ይናወጣል። ሴቶቹ ይህንን "የሙላያ ትንፋሽ" ይሉታል። ለዚያች ትንፋሽ ሲሉ ከሩቅ መንደር በመኪና ተጭነው የሚመጡ ነበሩ።

እኔ አላለቅስም። ጨካኝ ሆኜ አይደለም፤ እንባዬ ሩቅ ነው። የምተዳደረው የሴቶቹን ጥቁር ካባ፣ ዓባያ፣ በመስፋት ነው፤ በጉባኤው ላይ ሁሉም ተደፍቶ ሲያለቅስ እኔ የማየው የማንዋ ጠርዝ እንደተተረተረ፣ የማንዋ እጅጌ እንደጠበባት ነው። ዓማ ይህን እንደ ስድብ ቆጠሩት። በሰው ፊት "ይቺ ምራቴ ድንጋይ ናት፤ አንድ ቀን ሳላስለቅሳት አልሞትም" ይሉኝ ነበር። እኔም "እንግዲያው ብዙ ይኖራሉ ዓማ" እላቸዋለሁ። ሴቶቹ ይስቃሉ። ያኔ መሳቅ ይቻል ነበር።

አስሙ የጀመራቸው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። እዚህ አካባቢ አየሩ የማንም ወዳጅ አይደለም፤ ከነዳጅ ጉድጓዶቹ የሚነደው እሳት አለ፣ አቧራው አለ፣ ከባሕር የሚመጣው እርጥብ ሙቀት አለ። መጀመሪያ ምንጣፍ ሲራገፍ ማሳል ጀመሩ። ቀጥሎ ደረጃ ላይ መቆም መጣ። ከዚያ አንድ ቀን ከወጥ ቤት የድመት ልጅ የምታለቅስ የመሰለ ድምፅ ሰምቼ ብገባ፣ ዓማ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ወጥቶ፣ የሚያለቅሰው ደረታቸው ነበር። ሰው አየር መሃል ቆሞ አየር ሲያጣ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሐኪም ቤት ሰማያዊ ፓፍ፣ በአፍ የሚነፋ መድኃኒት፣ ሰጧቸው። ሲነፉት ወዲያው ይከፍትላቸዋል። ይህንን ግን ከእኔና ከጀባር በቀር ማንም እንዳያውቅ ተባለ፤ ትንፋሿ የሚያጥራትን ሙላያ ማን ይጠራል? ስለዚህ በዓባያቸው ውስጠኛ ገጽ፣ በግራ ደረታቸው በኩል፣ ለፓፉ ልክ የሆነች ኪስ ሰፋሁላቸው። ከውጭ አትታይም። ስፌቷ ስላማረልኝ ኮርቼባት ነበር። ከጉባኤ በፊት መታጠቢያ ቤት ይገቡና ሁለት ጊዜ ነፍተው ይወጣሉ፤ ሴቶቹ ውዱእ፣ የሶላቱን ትጥበት፣ የሚያድሱ ይመስላቸዋል።

ባለፈው ዓመት ሰማዩ በአቧራ ብርቱካን መስሎ ሦስት ቀን ከዋለ በኋላ ሰማያዊው አልበቃ አለ። በቀን ሁለቴ የነበረው ስድስት ሰባቴ ሆነ። ጎትቼ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ዶክተር ሪሃም ወጣት ናት፣ ፊቷ ልጅ ይመስላል፣ ንግግሯ ግን የቸኮለ ነው፤ ውጭ አርባ ሰው ይጠብቃታል። ደረታቸውን አዳመጠችና ሰማያዊው የተዘጋውን ለጊዜው የሚከፍት እንጂ እንዳይዘጋ የሚያደርግ አለመሆኑን ነገረቻቸው። የአየር ቧንቧው ውስጡ አብጧል፣ እብጠቱን የሚያወርደው ሌላ ነው አለች፤ አንድ ቡናማ ፓፍም አወጣች። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ደህና በሆኑበት ቀንም ጭምር። ወዲያው አይሰማዎትም፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ ተሻለኝ ብለው እንዳያቆሙ።

"ውስጡ ያለው ምንድን ነው?" አሉ ዓማ።

"ስቴሮይድ ነው ሐጂያ። የኮርቲዞን ዓይነት።"

ዓማ ዓባያቸውን ሰብስበው ተነሱ። እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው።

እህታቸው ሐስና ለመገጣጠሚያ ሕመም ኮርቲዞን በክኒን ስንት ዓመት ውጣለች። ፊቷ ተነፍቶ ክብ ሆነ፣ ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ፣ በመጨረሻ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ወገቧ ተሰብሮ ወድቃ አልተነሳችም። ገላዋን ያጠቡት ዓማ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ኮርቲዞን የሚለው ቃል በቤታችን ሲጠራ ዓማ ወደ ግራ ትከሻቸው ይተፋሉ። ዶክተሯ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማች። የክኒኑ መጠን ከዚህ ስንት እጥፍ እንደሚበልጥ፣ ይኼኛው በቀጥታ ሳንባ ገብቶ እዚያው እንደሚሠራ፣ ወደ ደም የሚሄደው ጥቂት እንደሆነ አስረዳች። ዓማ ግማሽ ልባቸውን ሰጧት። ልንወጣ ስንል፣ ቀጣዩ በሽተኛ በሩን ከፍቶ ቆሞ ሳለ፣ ዶክተሯ አንድ ነገር ጨመረች፤ "ደግሞ በውኃ ይጉመጥመጡና ይትፉት፣ አደራ። እንደ ውዱእ።"

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚህች ቃል ነው።

ውዱእ ከሶላት በፊት ነው። ሰው ይነጻና ከዚያ ይቀርባል። ዓማ ስልሳ ዓመት ሙሉ በቀን አምስት ጊዜ ያደረጉት ይህንን ነው፣ ሌላ እንዴት ይረዱት? ጠዋት ተነስተው ሦስት ጊዜ አጥብቀው ይጉመጠመጣሉ፣ ይተፋሉ፣ ፊታቸውን ያብሳሉ፤ ከዚያ በንጹሕ አፍ ቡናማውን ሁለቴ ይስባሉ። ቀጥሎ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ መድኃኒቱ እንዳይታጠብ ብለው፣ አንድ ሰዓት ያህል ጠብታ ውኃ ሳይቀምሱ ይቀመጣሉ። ሻይ ሳመጣ በእጃቸው ይመልሱኛል። እኔ ቆሜ አየሁ። አላረምኩም፣ እኔም የሰማሁት እንደዚያው ነበርና። እንዲያውም ጥንቃቄያቸውን አደነቅኩ።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ ፉጨቱ ጠፋ። ዓማ ደረጃውን ወጥተው ጣሪያ ላይ ልብስ አሰጡ። ከዚያ ወርደው የደረቀ ዓሣ ራሳቸው ዘፈዘፉ፤ ሽታው ከሁለት ዓመት በፊት ከቤት አስወጥቷቸው ነበር። ሰማያዊው በኪሱ ውስጥ ሳይነካ ዋለ፣ አደረ። እኔ ግድግዳ ማዳመጥ ተውኩ።

በአምስተኛው ሳምንት የኡም ዓቂል እናት ሞቱና ዓማ ለለቅሶው ተጠሩ። ኡም ዓቂል ጎረቤታችን ናት፣ የሰፈሩ ትልቅ አዳራሽ ያለው በእሷ ቤት ነው። ዓማ ጀመሩ። የመጀመሪያው ስንኝ ሻካራ ሆኖ ወጣ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ደገሙት። ዜማው ወደ ላይ ሲሄድ ድምፁ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ተንቋቋ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፣ ግን ለቅሶ አልነበረም፣ እፍረት ነው። ሲጨርሱ ሙላያ ፈኽሪያ ሻይዋን እያማሰለች ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ "እህቴ፣ ዛሬ ከወንዶቹ ጉባኤ ነው እንዴ የመጣሽው?" አለቻቸው።

ዓማ መልስ የማያጡ ሴት ናቸው። ያን ቀን ግን ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ቤት ገብተው በሩን ዘጉና መስተዋት ፊት አፋቸውን ከፈቱ። ምላሳቸውና ጉሮሯቸው ላይ እርጎ የተረጨ የመሰለ ነጭ ነገር ነበር። ይህን ለማንም አልተናገሩም። እኔ የማውቀው በኋላ ስለነገሩኝ ነው። ሐስናን የጨረሳት እኔን ደግሞ ከአፌ ጀመረኝ ብለው አሰቡ። ድምፄን እየበላው ነው፣ ሙሐረም ሁለት ወር ቀርቶታል፣ ያለ ድምፅ ከምኖር ያለ ትንፋሽ ልሙት። ይህንን ቃል በቃል አስበውታል። ቡናማውንም በዚያው ዕለት ተዉት።

ችግሩ እኔ ነበርኩ። ቡናማው በስተኋላው የቀረውን መጠን የሚያሳይ ትንሽ የቁጥር መስኮት አለው፤ እኔ ደግሞ ክርና አዝራር መቁጠር የለመደብኝ ሴት ስለሆንኩ በየምሽቱ አየዋለሁ። ዓማ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ጠዋትና ማታ መታጠቢያ ቤት ገብተው፣ ተጉመጥምጠው፣ ቡናማውን ወደ ገንዳው ሁለት ጊዜ ይነፉታል። ድምፁ በበሩ በኩል ይሰማኛል፤ ቁጥሩ በልኩ ይወርዳል። እኔ ሞኟ ደስ ይለኛል።

ድምፃቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ነጩ ነገር ሄደ፣ ዜማው ጠራ፤ በግቢው ውስጥ ሲለማመዱ ጎረቤት ሥራውን አቁሞ ይሰማ ነበር። ጀባር "እናቴ ወጣት ሆነች" አለ። እኔም መድኃኒቱን ሰውነታቸው ለመደው ብዬ ደመደምኩ። ማየት የሚገባኝ ነገር ሁሉ ግን ፊት ለፊቴ ነበር። ትራሳቸው አንድ የነበረው ሦስት ሆኗል። ደረጃው ላይ ቆመው ስለ ቅቤ ዋጋ ረጅም ጨዋታ ያመጡብኛል፤ ጨዋታው የሚያልቀው ትንፋሻቸው ሲመለስ ነው። በኪሷ ዙሪያ የዓባያው ጨርቅ ከመነካካት ብዛት ሳስቷል። ስፌት ሠራተኛ ሆኜ ይህን አላየሁም።

ሙሐረም ገባ። ሰባተኛው ቀን ውኃ የተከለከለበት ቀን ነው፤ በዓመቱ ውስጥ የዓማ ቀን ነው። ከማለዳው ጀምሮ ሰማዩ ቢጫ ነበር፣ ወደ ቀትር ቀላ። ጀባር እንዳንወጣ ለመነ። ዓማ ዓባያቸውን ለበሱና "ፈኽሪያ ወንበሬ ላይ ስትቀመጥ ልታሳየኝ ነው?" አሉት። ፊታቸውን ሸፍነን የኡም ዓቂል ቤት ደረስን። ዓማ እንደ ልማዳቸው መታጠቢያ ቤት ገቡ፤ ከወትሮው ቆዩ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከሁለት መቶ ሴት በላይ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሁሉም ጥቁር ለብሷል። መስኮቱ ተዘግቷል፣ አቧራው ግን በመስኮቱ ጠርዝና በበሩ ሥር እየገባ መብራቱ ዙሪያ ይንሳፈፋል። እኔ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ነበርኩ። ዓማ ጀመሩ፤ ድምፃቸው እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም። ዜማውን ወደ ላይ ወሰዱት። ልጁ ድንኳኑ በር ላይ ከንፈሩ ደርቆ ቆመ። ውኃ ወደሚለው ቃል ሲደርሱ ድምፁ ተቆረጠ።

ዝም አሉ። እጃቸው ደረታቸው ላይ ሄደ።

ሴቶቹ የሚያውቁት ነገር ነው። ሲቃው ከፊት ጀመረ፣ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ መጣ። ዓማ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። ትከሻቸው ተነሳ፣ ወረደ፣ ተነሳ። አጠገቤ ያለች አሮጊት እያነባች "አቤት፣ ዛሬስ እንዴት አሳመረችው" አለች። ደረት መምታቱ ጀመረ። እጃቸው ከደረታቸው አልተነሳም፤ ያ እጅ ኪሷ ላይ እንደነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሁለት መቶ ሴት አይቶት ሁሉም ሐዘን ነው ያለው። አንድ ጣት ቢያስገቡ ፓፉን ያወጡት ነበር፤ አላወጡም። በሴቶቹ ፊት አያወጡትም። ከአንገታቸው ሥር፣ ከደረታቸው አጥንት በላይ፣ ያለው ጉድጓድ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ አየሁ። ከንፈራቸው እንደ ዓባያዬ ክር ጠቆረ።

ተነሳሁ። መሄጃ የለም። በጉልበትና በትከሻ ላይ እየረገጥኩ ሄድኩ፤ "ታፍነዋል፣ ልቀቁኝ፣ ሙላያ ታፍነዋል" እያልኩ እጮሃለሁ፣ ግን እዚያ ቤት ሁሉም ይጮኻል። አንዷ እግሬን አቅፋ አለቀሰች። ሌላዋ በመጨረሻ ድንጋይዋ ቀለጠች ብላ ደስ አላትና ሳመችኝ። እነሱ ባለቀሱ ቁጥር ዓማ ይሞታሉ፣ ዓማ በታፈኑ ቁጥር እነሱ የባሰ ያለቅሳሉ። ያን ዕለት የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም፤ በጦርነቱ ጊዜም ቢሆን።

ስደርስ እጃቸውን ከደረታቸው ላይ በኃይል አላቅቄ ኪሷን ቀደድኳት። በደንብ የተሰፋ ኪስ ሲቀደድ ምን ያህል ያስቸግራል። ፓፉን አፋቸው ውስጥ አድርጌ ደጋግሜ ነፋሁት። ወደ እኔ አዩ ግን አላዩኝም፤ ዓይናቸው ከእኔ ኋላ ያለ ነገር ነበር የሚያየው። ቤቱ ዝም ያለው ያኔ ነው። መጀመሪያ የተነሳችው ሙላያ ፈኽሪያ ናት፤ በዚያ ድምፅዋ "መንገድ ልቀቁ" ስትል ሁለት መቶ ሴት ተከፈለ። እሷና እኔ ተሸክመን አወጣናቸው። በኡም ዓቂል ባል መኪና፣ መብራት አብርተን፣ የፊታችን መንገድ በማይታይበት አቧራ ውስጥ ወደ ሆስፒታል ሄድን። ፈኽሪያ ከኋላ አቅፋቸው ቀጥ አድርጋ ይዛቸዋለች፤ በጆሯቸው "ተንፍሺ፣ ወንበርሽን አልፈልግም፣ ተንፍሺ" ትላቸዋለች።

የሆነው ሁሉ በእኔ ላይ የዓመት ያህል ረዘመ። በድንገተኛ ክፍሉ ኦክስጅን ተሰካ፣ በክንዳቸው መርፌ ገብቶ መድኃኒት መንጠባጠብ ጀመረ፣ በጭንብል መድኃኒት ተነፋ። በሩ ላይ ቆሜ ደረታቸውን ብቻ አያለሁ። አንድ ጊዜ ፉጨቱ ጠፍቶ ደስ አለኝ፤ ነርሷ ግን ፊቷ ተለወጠና ሐኪም ጠራች። ፉጨት ሲጠፋ ሁልጊዜ ደግ አይደለም፣ አየር ጨርሶ አለመግባቱም ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀን ተማርኩ። ቆይቶ ፉጨቱ ተመለሰ። ያ ድምፅ ያስደስታል ብሎ ማን ያስባል?

ወደ ማምሻው ላይ ዓማ ሰው መለየት ጀመሩ። የዚያን ዕለት ተረኛ ሆና የመጣችው ዶክተር ሪሃም ነበረች። ጀባር ቡናማውን ፓፍ ከቤት ይዞ መጥቷል። መስኮቱን አሳየኋት። አንድም ቀን እንዳላለፋቸው፣ ቁጥሩ በልኩ እንደወረደ እየማልኩ ነገርኳት። እንዲህ ሆኖ እያለ ለምን አልሠራም ብዬ ተቆጣኋት።

ዓማ ጭንብሉን ከፍ አደረጉ። "አትቆጫት። ለመታጠቢያ ገንዳው ነው የሰጠሁት" አሉ።

ከዚያ ቀስ እያሉ፣ በየሦስት ቃሉ ትንፋሽ እየወሰዱ፣ ስለ ድምፃቸው፣ ስለ ነጩ ነገር፣ ስለ ሐስና ነገሯት። ዶክተሯ በትንሽ መብራት አፋቸውን አየች።

"ሐጂያ፣ የሚጉመጠመጡት መቼ ነበር?"

"በፊት ነዋ። ውዱእ በኋላ ይደረጋል እንዴ?"

ዶክተር ሪሃም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "እንደ ውዱእ ያልኩት እኔ ነኝ" አለች። "የሚጉመጠመጡት በኋላ ነበር። ሳንባ የገባው ገብቷል፣ ውኃ አያወጣውም። አፍና ጉሮሮ ላይ የቀረውን ነው የሚያጥቡት፤ እሱ ነው ድምፅዎን የዘጋው። ነጩም የአፍ ፈንገስ ነበር፣ ድኗል።"

ዓማ ወደ ክንዳቸው አመለከቱ። "ይኼስ የሚንጠባጠበው?"

"ኮርቲዞን ነው" አለች ዶክተሯ። "ቡናማው በብዙ ወር የማይሰጥዎትን ዛሬ በአንድ ቀን ወስደዋል።"

ወደ ግራ ትከሻቸው የሚተፉ መሰለኝ። አልተፉም። ጭንብሉን መልሰው አጠለቁና ዓይናቸውን ከደኑ፤ ከዓይናቸው ጥግ እንባ ወደ ጆሯቸው ወረደ። ፈርተው ነበር። ዓማ ሲፈሩ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፣ ከሞቱ ይልቅ እንደ ውዱእ በምትል ትንሽ ቃል ሊሞቱ እንደነበር ነው ያስፈራቸው።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ተገልብጧል። ጎህ ሲቀድ መጀመሪያ ፓፉ ይሰማኛል፣ ዶክተሯ በሰጠችን ሰፊ የፕላስቲክ ቱቦ በኩል፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ውኃው። ሦስት ጊዜ ተጉመጥምጠው ይተፋሉ፣ ቀጥለው ውዱእ፣ ቀጥለው ሶላት። ድምፁን በቅደም ተከተሉ ካልሰማሁ ከአልጋ አልነሳም። አንድ ቀን ውኃው ቀድሞ ቢሰማኝ በባዶ እግሬ ሮጥኩ፤ ጥርሳቸውን እየፋቁ ነበር። "ደግሞ ገንዳውን ልታዳምጪ መጣሽ?" አሉኝ።

አርባዒን፣ የከርበላ አርባኛ ቀን መታሰቢያ፣ ሲደርስ በአፈናው የደከመው ድምፃቸው ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ተመልሶ ነበር። እንዳያነቡ ለመንኩ። አልሰሙኝም። ሰማያዊውን ግን ከዓባያቸው አውጥተው በእጄ ሰጡኝ፤ ኪሷን እንዳልጠግናት ከለከሉኝ። "እጄ ደረቴ ላይ ሲሄድ እሱ ሐዘን ነው፣ አትነሺ" አሉ። "ባየሁሽ ጊዜ ተነሺ።" ያን ቀን ከፊት ተቀመጥኩ፤ ፈኽሪያ አጠገቤ ቦታ ያዘችልኝ። ዓማ ጀመሩ። እኔ ስፌት አላየሁም፣ ጠርዝ አላየሁም። ዓይናቸውን ብቻ አያለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ሁሉንም ያያሉ፣ እኔን አያዩም። መዳፌ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ በላብ ረጠበ።

ዜማው ወጣ። ከጫፉ ላይ ተቆረጠ። እጃቸው ደረታቸው ላይ ሄደ፣ ሴቶቹ ሲቃ ጀመሩ። ዝምታው ረዘመ። ከመቼውም የረዘመ መሰለኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው በቀጥታ አዩኝ።

ዘልዬ ተነሳሁ። ዓማ ግን ቅንድባቸውን ትንሽ ወደ ላይ አነሱ፤ አይሆንም ማለት ነው። ከዚያም ትንፋሽ ሳቡ። ረጅም ነበር፣ ንጹሕ ነበር፣ ከሥሩ ምንም ፉጨት አልነበረውም። ለቅሶው መሃል የሰማሁት እሱን ለመስማት የመጣሁ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። ዜማውን ካቆሙበት አንስተው ቀጠሉ። እኔ በተቀመጡት ሴቶች መሃል ቆሜ፣ ሰማያዊውን በእጄ እንደያዝኩ፣ ፊቴ ሁሉ በእንባ ረጠበ፤ ላቆመው አልቻልኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ጉልበቴን መታ አደረጉኝ። "በመጨረሻ አስለቀስኩሽ" አሉ። ፊታቸው የድል ነበር።

አዎ ዓማ አልኳቸው። ያለቀስኩት ለዜማው እንዳልሆነ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።